«አንዳንዴ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ይቀራል» — የማይደርስ ኢሜይል ምክንያቱ እንዴት ይፈለጋል?

ከኮምፒዩተር ክበብ አባላት

መግቢያ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች፣ ስለ ክፍል አያያዝና ስለ ፈተና አወጣጥ ነው። ዛሬ እኛ አምስት የኮምፒዩተር ክበብ አባላት የምናቀርበው ግን ስለ አንድ ብልሽት ነው። ብልሽቱ የተገኘው በተቋማችን የሠልጣኞች መዝገብ ፕሮግራም ላይ ሲሆን፣ ይህ ፕሮግራም የሚልካቸው ኢሜይሎች አንዳንዴ ይደርሳሉ፣ አንዳንዴ ይቀራሉ። ነገሩ የማሽን ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ እንላለን። በዚህ ብልሽት ምክንያት አንዲት ጓደኛችን ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ከአንድ ወር በላይ ቆይታለችና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተማር ልምምድ በየዙሩ ሲደለደል፣ ማን በየትኛው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር የሚነገረው በኢሜይል ነው። የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙን በድረ ገጹ ይከፍቱና «ለሁሉም ላክ» የሚለውን ይጫናሉ። ፕሮግራሙም ስማችንን በሀ ሁ ተራ እየተከተለ ለ44 ሠልጣኞች መልእክት ይልክና ሲጨርስ «44 መልእክቶች ተልከዋል» ብሎ ይጽፋል። ሰኞ ጠዋት ሁሉም በየተመደበበት ይገኛል። ያቺ ጓደኛችን ግን በሁለተኛው ዙር ሰኞ ዕለት አልተገኘችም፤ በሦስተኛውም እንዲሁ።

ስትጠየቅ «መምህር፣ እኔ ኢሜይል አልደረሰኝም፤ ተራዬ በሚቀጥለው ነው ብዬ ነው የጠበቅሁት» አለች። መምህራችንም «እንዴ! ለ43 ሰው ደርሶ ላንቺ ብቻ እንዴት ይቀራል? ፕሮግራሙ እኮ ተልኳል ይላል» ሲሉ መለሱላት። ከሰዓት አክባሪነት ነጥቧም ተቀነሰ። እኛም ብንሆን ከመምህራችን አልተሻልንም፤ መኝታ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን «እሷ እኮ ስልኳን አታይም» ስንል ነበር። ይህን እዚህ የምንጽፈው ለግለ ሂስ ያህል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነው። ይኸውም «አንዳንዴ» የሚለውን ቃል «መቼ?» ወደሚለው ጥያቄ መለወጥ ነው። «አንዳንዴ ይበላሻል» ማለት የብልሽቱ ምክንያት የለም ማለት ሳይሆን፣ ምክንያቱን ገና አላየነውም ማለት ነው።

1/ ኢሜይል እንዴት ይጓዛል?

ምክንያቱን ከመፈለጋችን በፊት መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር በመረብ አማካይነት ኢሜይል የላከው አሜሪካዊው ኢንጂነር ሬይ ቶምሊንሰን ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1971 ነበር። ላኪው ማሽንና ተቀባዩ ማሽን የሚነጋገሩበት ደንብ ደግሞ ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ይባላል። ይህን ደንብ ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1982 አር.ኤፍ.ሲ. 821 በሚል ቁጥር ጽፎ አወጣው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ታድሶ አር.ኤፍ.ሲ. 5321 ተባለ።

ደንቡ ከፖስታ ቤት አሠራር ጋር ይመሳሰላል። እኛ ደብዳቤውን በቀጥታ ለዘመዳችን አናደርስም፤ ለአቅራቢያችን ፖስታ ቤት እንሰጣለን፤ ፖስታ ቤቱ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ በመጨረሻም ደብዳቤው በተቀባዩ ሣጥን ውስጥ ይገባል። የእኛም ፕሮግራም እንዲሁ ነው። መልእክቱን በቀጥታ ወደ ሠልጣኙ ስልክ አይልክም፤ የኢሜይል አገልግሎት ለሚሰጠን ድርጅት ሰርቨር ያስረክባል እንጂ። እንግዲህ በመንገዱ ላይ ቢያንስ አራት ቦታዎች አሉ ማለት ነው፦

ሀ/ የእኛ ፕሮግራም፣
ለ/ የላኪው ወገን ሰርቨር፣
ሐ/ የተቀባዩ ወገን ሰርቨር፣
መ/ የተቀባዩ ሣጥን፣ ማለትም ዋናው ሣጥን ወይም ስፓም የሚባለው የተጠርጣሪዎች ማቆያ።

መልእክቱ ከነዚህ በአንዱ ቦታ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም «አልደረሰም» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «እስከ የት ድረስ ሄደ?» የሚለው ነው።

2/ ማሽኖቹ የሚመልሷቸው ቁጥሮች

ላኪው አንድ ነገር ባለ ቁጥር ተቀባዩ ማሽን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ይመልሳል። ቁጥሮቹን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያውን አሃዝ ማወቅ ለብዙው ነገር ይበቃል።

በ2 የሚጀምር ከሆነ «እሺ» ማለት ነው። ለምሳሌ 250 ተቀብያለሁ ማለት ነው።

በ3 የሚጀምር ከሆነ «ቀጥል» ማለት ነው። 354 መልእክቱን አምጣ፣ እየጠበቅሁ ነው ይላል።

በ4 የሚጀምር ከሆነ «አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ተመለስ» ማለት ነው። 421 አገልግሎቱ ለጊዜው የለም፣ መስመሩን ልዘጋው ነው ሲል፣ 450 ደግሞ ሣጥኑ ለጊዜው አይገኝም፣ 451 በእኔ በኩል ችግር ገጥሞኛል ይላል።

በ5 የሚጀምር ከሆነ «እንደዚህ ሆኖ አይሆንም» ማለት ነው። 550 በዚህ ስም ሣጥን የለም ወይም አልቀበልም ሲል፣ 535 ደግሞ የይለፍ ቃልህ ትክክል አይደለም ይላል።

በ4ና በ5 መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ፖስታ ቤቱ ለምሳ ተዘግቶ ያገኘነው ሰው ከሰዓት በኋላ ቢመለስ ይሳካለታል። አድራሻው የተሳሳተ ደብዳቤ የያዘ ሰው ግን መቶ ጊዜ ቢመላለስ ድካሙ ብቻ ነው የሚተርፈው። 4 ሲመለስለት የሚተው ፕሮግራምና 5 ሲመለስለት የሚጨቀጭቅ ፕሮግራም ሁለቱም ተሳስተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት። 250 ማለት «ሠልጣኙ አንብቦታል» ማለት አይደለም። «ሠልጣኙ ሣጥን ገብቷል» ማለትም አይደለም። «የሚቀጥለው ፖስታ ቤት ተረክቦኛል» ማለት ብቻ ነው።

3/ መጀመሪያ የሠራናቸው ስህተቶች

መዝገብ ክፍሉ «ኧረ ይህን ነገር እዩልን» ብሎ ሲጠራን በደስታ ነው የሄድነው። አንዳችን «የይለፍ ቃሉ ነው» አለ፣ ሌላው «የበር ቁጥሩ ከ25 ወደ 587 ይለወጥ» አለ፣ ሦስተኛው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ገመዱን ነቅሎ ሰካ። ሁሉንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ለወጥናቸው። ከዚያም ኢሜይል ወደ ራሳችን ላክን፤ ደረሰ። ደግመን ላክን፤ ደረሰ። እስኪመሽ ድረስ ምናልባት ሠላሳ ያህል ላክን፤ ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ አንድም አልቀረም። «ተስተካክሏል» ብለን በኩራት ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት ብልሽቱ እዚያው ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ሠርተናል። አንደኛ፣ ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ለወጥን። ብልሽቱ ጠፍቶ ቢሆን እንኳ የትኛው ለውጥ እንዳጠፋው አናውቅም ነበር። ሁለተኛው ስህተት ግን የባሰ ሲሆን፣ የገባን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ብልሽቱን የደበቀው የራሳችን ሙከራ ነበር። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የመዝገብ ክፍሉ ጋሼ በበኩላቸው «እኔ እኮ ነግሬያችኋለሁ ልጆች። ጠዋት መጀመሪያ የምልከው ነው የሚበላሽ። እንደ መኪና ነው፣ ሞቅ ካላለ አይሄድም» ብለውን ነበር። ሳቅን። «ጋሼ፣ ኮምፒዩተር እኮ ሞተር የለውም» አልናቸው። ጋሼ ግን ፕሮግራሙን በየቀኑ የሚጠቀሙበት ሰው ናቸው፤ እኛ ደግሞ ከመጣን ገና አንድ ቀናችን ነበር። የሚጠቀምበት ሰው የሚሰጠው ምክንያት ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ያየው ነገር ግን ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ምክንያቱን ብንጠራጠር እንኳ ያየውን መመዝገብ ነበረብን።

4/ በቃል ያለ ይረሳል

አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛም ከዚያ በኋላ የፕሮግራሙን ኮድ ከፍተን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ነገር አስደነገጠን። ኢሜይል በሚላክበት ክፍል ላይ «ስህተት ከተፈጠረ ዝም ብለህ እለፍ» የሚል ትእዛዝ ተጽፏል። ምናልባት የጻፈው ሰው ገጹ በስህተት እንዳይቆም ብሎ በቅን ልቦና ያደረገው ይሆናል። ውጤቱ ግን ሰርቨሩ የሚመልሰው ቁጥር ሁሉ ሳይነበብ ይጣል ነበር። «44 መልእክቶች ተልከዋል» የሚለውም የተሳካውን ሳይሆን የተሞከረውን ነበር የሚቆጥረው። መምህራችን ጓደኛችንን የከሰሱት በዚህ ቁጥር ነው። ማሽኑ ዋሽቷል ብንል አይጋነንም፤ ይልቁንም እንዲዋሽ ተደርጎ ተጽፏል።

በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራችን መጠገን ሳይሆን መመዝገብ ሆነ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ መልእክት የሚከተሉትን እንዲጽፍ አደረግን፦

ሀ/ ቀንና ሰዓት እስከ ሴኮንድ፣
ለ/ ለማን እንደተላከ፣
ሐ/ ሰርቨሩ የመለሰው ቁጥርና ቃል በሙሉ፣
መ/ ሙከራው የወሰደው ጊዜ፣
ሠ/ ከዚያ በፊት መልእክት ከተላከ ስንት ደቂቃ እንደሆነው።

የይለፍ ቃልና የመልእክቱ ሙሉ ይዘት ግን በመዝገቡ ላይ እንዳይጻፍ ተጠንቅቀናል። መዝገቡን ብዙ ሰው ያየዋልና።

«ሠ» የተጨመረው የጋሼን ነገር አስበን ነው። ከመካከላችን አንዷ «ምን ይጎዳናል? እንጨምረው» ስላለች ብቻ ገባ። መልሱም የተገኘው እሱ ዘንድ ሆነ።

ለሁለት ሳምንት ማንም ምንም እንዳይለውጥ ተስማማን። በነዚህ ሁለት ሳምንታት «አልደረሰኝም» የሚል አቤቱታ 12 ጊዜ ቀረበ። እያንዳንዱን ከመዝገቡ ጋር ስናመሳክር እንደሚከተለው ተከፋፈለ፦

8ቱ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል የተጻፈባቸው ናቸው።
2ቱ 451 የተመለሰባቸው ናቸው።
1ዱ 250 ተመልሶበታል፤ ነገር ግን የሠልጣኙ አድራሻ ሲመዘገብ አንድ ፊደል ጎድሎታል።
1ዱም 250 ተመልሶበታል፤ ስፓም ሣጥን ውስጥ ተገኝቷል።

ፊደል የጎደለውን ያገኘነው በሚያስገርም ሁኔታ ነው። ደብዳቤ ሳይደርስ ሲቀር ወደ ላኪው እንደሚመለስ ሁሉ፣ ኢሜይልም አድራሻው ካልተገኘ «ማድረስ አልቻልንም» የሚል ማስታወቂያ ወደ ላኪው አድራሻ ይመለሳል። የእኛ ፕሮግራም የላኪ አድራሻ ደግሞ ማንም ከፍቶት የማያውቅ ሣጥን ነበር። ስንከፍተው የተመላሽ ማስታወቂያ ሞልቶበታል። መልሱ በእጃችን ነበር፤ የሚያነበው ጠፍቶ ነው እንጂ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ «ኢሜይል አይደርስም» የሚባለው አንድ ብልሽት ሳይሆን አራት ነበር። አራቱን ባንድ ስም ስንጠራቸው ነው ሥርዓት የሌለው የመሰለን።

5/ ስምንቱ ምን ያመሳስላቸዋል?

ስምንቱን በወረቀት ላይ ቁልቁል ጻፍናቸው። ተቀባዮቹ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ቀኑም የተለያየ ነው፤ ሰዓቱም አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከምሳ በኋላ፣ አንዱ ማታ ነው። «ሠ» ላይ ስንደርስ ግን ዝም አልን። ከስምንቱ መካከል ከቀዳሚው መልእክት በኋላ 5 ደቂቃ ሳይሞላው የተላከ አንድም የለም። 9 ደቂቃ፣ 47 ደቂቃ፣ 14 ሰዓት የሆናቸው ናቸው። ከተሳኩት መካከል ደግሞ ከ5 ደቂቃ ዝምታ በኋላ የተላከ አንድም አላገኘንም።

ወዲያው ግምት ሰጠን፤ ግምት ግን ማስረጃ አይደለምና ሙከራ አደረግን። አንድ መልእክት ልከን 2 ደቂቃ ጠበቅንና ሁለተኛ ላክን፤ ደረሰ። 4 ደቂቃ ጠብቀን ላክን፤ ደረሰ። 6 ደቂቃ ጠብቀን ላክን፤ ቀረ። 10 ደቂቃ ጠብቀን ላክን፤ ቀረ። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ከዚያም ጋሼን ጠርተን «አሁን የሚልኩት ይቀራል፣ ከሱ ቀጥሎ የሚልኩት ግን ይደርሳል» አልናቸው። እንዳልነውም ሆነ። ብልሽት እንዲመጣ አዝዘነው ከመጣልን፣ በቁጥጥር ሥር ውሏል ማለት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ጊዜ መስመር ከከፈተ በኋላ መስመሩን ሳይዘጋ ይዞት ይቀመጣል፤ ሁለተኛ ጊዜ ለመክፈት ላለመድከም ነው። ሰርቨሩ ግን ሥራ የሌለውን መስመር ለዘለዓለም አይጠብቅም። ከላይ የጠቀስነው ደንብ፣ ሰርቨሩ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ቢያንስ 5 ደቂቃ እንዲጠብቅ ይመክራል፤ የእኛውም ሰርቨር 5 ደቂቃ ጠብቆ ይዘጋል። ፕሮግራሙ መዘጋቱን አያውቅም። ልክ ወዲያኛው ወገን ስልኩን ከዘጋው በኋላ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሳይል ወሬውን እንደሚቀጥል ሰው፣ በሞተ መስመር ላይ መልእክቱን ያወራል። መልእክቱ ይቀራል። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ መስመሩ እንደተቋረጠ ይገባውና ለሚቀጥለው መልእክት አዲስ መስመር ይከፍታል፤ የቀረውን ግን መልሶ አይልከውም። ስለዚህ ሁለተኛው ሁልጊዜ ይደርሳል።

አሁን ሁሉም ግልጽ ይሆናል። ሠላሳ ኢሜይል በላክንበት ዕለት የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ገና እየተዘጋጀን ስለነበር አልቆጠርነውም። ከዚያ በኋላ በየደቂቃው ስንልክ መስመሩ እንዳይዘጋ ያደረግነው ራሳችን ነን። ጋሼም «ሞቅ ካላለ አይሄድም» ያሉት በራሳቸው አነጋገር ልክ ነበር።

ጓደኛችንስ? ስሟ በ«ሀ» ይጀምራል። ከ44ታችን በሀ ሁ ተራ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ከምሳ ተመልሰው «ለሁሉም ላክ» ሲሉ፣ በሞተው መስመር ላይ የሚወድቀው የሷ መልእክት ነው። በመጀመሪያው ዙር የደረሳት፣ ጋሼ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብለው ለሌላ ሰው መልእክት ልከው መስመሩ ክፍት ስለነበረ ነው። ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን የሰርቨሩን አገልግሎት የሚሰጠን ድርጅት የሦስቱን ዓርቦች መዝገብ እንዲያሳየን ጠየቅን። በመጀመሪያው ዓርብ 44 መልእክት ተረክቧል። በሁለተኛውና በሦስተኛው 43፣ 43። የጎደለው የሷ ነው።

6/ ጥገናው

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ጥገናው የሁለት ቀን ሥራ ነበር። በተራ እንዘርዝረው።

አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ሲኖር መስመር ይከፍታል፣ ሲጨርስ በሥርዓት ተሰናብቶ ይዘጋል። መስመሩን ይዞ መቆየት የሚፈልግ ፕሮግራም ካለ፣ ከመላኩ በፊት ኖ-ኦፕ የሚባለውን ትእዛዝ በመላክ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። 250 ከመጣ መስመሩ አለ።

ሁለተኛ፣ መልእክቱ ከመላኩ በፊት በመረጃ ቋቱ ውስጥ ወረፋ ይይዛል። ከወረፋው የሚወጣው 250 ሲመጣ ብቻ ነው። በ4 የሚጀምር ቁጥር ከመጣ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ ቆይቶ ይሞከራል። ደንቡ ለሰርቨሮች በሙከራና በሙከራ መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆዩ፣ ተስፋ ከመቁረጣቸውም በፊት ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲታገሡ ይመክራል። እኛ የድልድል ማስታወቂያ አስቸኳይ ስለሆነ ጊዜውን አሳጥረን፣ በ1፣ በ5፣ ከዚያ በ30 ደቂቃ አድርገነዋል። ሁለቱ የ451 መልእክቶችም በዚሁ ተፈቱ።

ሦስተኛ፣ በ5 የሚጀምር ቁጥር ከመጣ ደግሞ አይሞከርም፤ ለመዝገብ ክፍሉ በቀይ ይታያል። የተመላሽ ማስታወቂያ የሚገባበትን ሣጥንም ጋሼ በየጠዋቱ ይከፍቱታል።

አራተኛ፣ ገጹ የሚናገረው ያወቀውን ብቻ ነው። «ወረፋ ይዟል»፣ «ሰርቨሩ ተረክቧል»፣ «አልተሳካም» የሚሉ ሦስት ቃላት «ተልኳል» የሚለውን ተክተዋል።

አምስተኛ፣ እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። መልእክቱ ደርሶ ሳለ የ«እሺ» መልሱ በመንገድ ከጠፋ፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ሊልከው ይችላልና፤ መለያ ቁጥሩ አንድ ከሆነ መደገሙ ይታወቃል።

ስድስተኛው ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። የድልድሉ ዝርዝር ዓርብ ማታ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በወረቀት ይለጠፋል። ሰው ነጥብ የሚያጣበት ነገር በአንድ መንገድ ብቻ መነገር የለበትም።

7/ 500 ማይል የማያልፈው ኢሜይል

የእኛ ታሪክ ብቸኛ እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ ታሪክ እንጨምር። ትሬይ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2002 እንደጻፈው፣ በሰሜን ካሮላይና በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ደውለው «ከ500 ማይል በላይ ኢሜይል መላክ አልቻልንም» አሉት። ኢሜይል በርቀት ይገደባል መባሉ የሚያስቅ ነገር ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ግን ከመደወላቸው በፊት ለቀናት መረጃ ሰብስበው ነበር። ሃሪስም ሞከረው፤ እውነት ሆነ። ኒው ዮርክ ይደርሳል፣ ቦስተን አይደርስም።

ምክንያቱ ሲገኝ ይህ ነበር። ሰርቨሩ ሲታደስ አሮጌ የኢሜይል ፕሮግራም ገባበት፤ አሮጌው ፕሮግራም አዲሱን የማስተካከያ ጽሑፍ ማንበብ ስላልቻለ፣ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ዜሮ ሆነ። በተግባር ከ3 ሺኛ ሴኮንድ ጥቂት ያለፈ ጊዜ ብቻ ይጠብቅ ነበር። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ3 ሺኛ ሴኮንድ 900 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ወደ 560 ማይል ይሆናል። ሂሳቡ ሻካራ ነው፤ መልእክትና መልስ ደርሶ መልስ ጉዞ አላቸውና። ቁም ነገሩ ግን የሚያስቀው አቤቱታ ትክክለኛ መሆኑ ነው። እኛ በጋሼ ላይ ስንስቅ ሃሪስ ግን ለመሞከር ተነሣ፤ በመካከላችን ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

8/ ይህ ለመምህር ምን ይጠቅመዋል?

አንዳንድ አንባቢ «እኔ ሦስተኛ ክፍል ሂሳብ ላስተምር ነው፤ ሰርቨር ምኔ ነው?» ሊል ይችላል። ይህን ምሳሌ እንመልከት። አንድ ልጅ መቀነስ አንዳንዴ ያገኛል፣ አንዳንዴ ይስታል። መምህሩ «ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ብሎ ይፈርድበታል። ደብተሩን ሰብስበን ስናይ ግን 48 – 25 = 23 ብሏል፤ ትክክል ነው። 42 – 25 = 23 ብሏል፤ ስህተት ነው፤ መልሱ 17 ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም። መበደር ሲያስፈልግ ትንሹን አሃዝ ከትልቁ ይቀንሳል፤ መበደር በማያስፈልግበት ጊዜ ብልሽቱ አይታይም። «አንዳንዴ» የነበረው «መበደር ባለበት ሁሉ» ሆነ። እንደዚህ ከታወቀ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይቃናል። ሳይታወቅ ከቀረ ግን ልጁ ሰነፍ ተብሎ ዓመቱን ይጨርሳል።

ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። አንዳንዴ የሚመጣ ስህተት ስንመለከት ከፍርድ በፊት እንመዝግብ፤ ከመጠገን በፊት እንለይ፤ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ «አልደረሰኝም» ያለውንም ሰው ውሸታም ነው ከማለታችን በፊት መንገዱን እንከተል።

መልመጃ

1ኛ. አንድ ፕሮግራም 550 ሲመለስለት በየ5 ደቂቃው ደጋግሞ ይልካል። ምን ስህተት ሠራ? ምንስ ማድረግ ነበረበት?

2ኛ. «መዝገቡ 250 ይላል፤ ስለዚህ ሠልጣኙ አንብቦታል።» ይህ አባባል ትክክል ነው? ምክንያት ስጡ።

3ኛ. የአንድ ክፍል ስም ዝርዝር በሀ ሁ ተራ መጠራቱን ትተን ከታች ወደ ላይ ብንጠራው፣ ከላይ የተጻፈው ብልሽት ይጠፋ ነበር? ወይስ ጉዳቱ ወደ ማን ይዞር ነበር?

4ኛ. በልምምድ ክፍላችሁ «አንዳንዴ» የሚሳሳት አንድ ተማሪ ምረጡ። የአሥር ጥያቄዎች መልሱን ጽፋችሁ «መቼ» የሚሳሳት መሆኑን ፈልጉ።

መልሶቹን ለኮምፒዩተር ክበብ ሣጥን አስገቡ፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣሉ።

ማሳሰቢያ

መዝገቡንና የሦስቱን ዓርቦች ቁጥር ለመምህራችን አቅርበናል። መምህራችንም ባለፈው ሳምንት በክፍል ፊት «ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ እኔም ሳላጣራ ነው የተናገርኩት» ብለው የተቀነሰው ነጥብ እንዲመለስ አድርገዋል። መምህር በተማሪ ፊት እንዲህ ሲል ያየነው የመጀመሪያ ጊዜያችን ነው፤ እኛም ክፍል ስንይዝ ልናስታውሰው ይገባል። እኛ አምስታችንም መኝታ ክፍል ውስጥ ላልነው ነገር ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀናል። እሷም ስቃ «ከእንግዲህ ክበባችሁ ውስጥ እገባለሁ፤ ዝርዝሩን ግን ከ‹ፐ› ጀምሩልኝ» ብላናለች። ገብታለችም።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።